ከዲሪክሌ መርህ እስከ ተከዜ ግድብ

የሙቀት፣ የፈሳሽና የጠጣር አካል ሕጎች በአብዛኛው የሚጻፉት በከፊል ዲፈረንሻል እኩልታ ነው። እኩልታው መስመራዊ ከሆነ፣ ማለትም ጭነቱ ሲታጠፍ ውጤቱም የሚታጠፍ ከሆነ፣ ሁለት መፍትሔዎችን ደምሮ ሦስተኛ ማግኘት ይቻላል። መስመራዊ ካልሆነ ግን ይህ መንገድ ይዘጋል፤ በቀመር ተጽፎ የሚያልቅ መፍትሔም እምብዛም አይገኝም። ለዚህ ችግር ከተገኙት መውጫዎች ዋነኛው የቫሪየሽን ዘዴ ነው። ዘዴው እኩልታውን ፊት ለፊት ከመጋፈጥ ይልቅ፣ ሊሆን ለሚችል ለእያንዳንዱ ቅርጽ ኢነርጂ የሚባል አንድ ቁጥር ይሰጣል። ከዚያም ይህ ቁጥር ከሁሉ የሚያንስበትን፣ ወይም ቅርጹ በጥቂቱ ቢነካ ቁጥሩ ንቅንቅ የማይልበትን ቦታ ይፈልጋል። እዚያ ቦታ ላይ ያለው ቅርጽ እኩልታውን ያሟላል። ሐሳቡ ለመብሰል ሁለት ምዕተ ዓመት ፈጅቶበታል። ከደረሰባቸው ቦታዎች አንዱ ከሰቆጣ በስተሰሜን፣ ተከዜ በቀደደው ገደል ውስጥ የቆመው የኮንክሪት ግድግዳ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1696 ዮሐን ቤርኑሊ የዘመኑን የሒሳብ ሰዎች በአንድ ጥያቄ ተፈታተናቸው። አንድ ኳስ ከላይኛው ነጥብ ተለቅቆ፣ ዝቅ ብሎ ወደ ጎን ወዳለው ነጥብ በራሱ ክብደት ሲንሸራተት፣ ፈጥኖ የሚያደርሰው የትኛው መስመር ነው? ቀጥታው መስመር አጭር ቢሆንም አያሸንፍም፤ የሚያሸንፈው መጀመሪያ ቁልቁል ወርዶ ፍጥነት የሚያተርፈው ሳይክሎይድ ነው። ኦይለር በ1744 ባሳተመው መጽሐፍ የዚህ ዓይነቶቹን ጥያቄዎች በአንድ ሥርዓት ሰበሰባቸው። በ1755 ደግሞ ላግራንዥ የሚባል የ19 ዓመት ወጣት ከቶሪኖ ደብዳቤ ጻፈለት። ወጣቱ ሙሉውን መስመር በአንድ ጊዜ በጥቂቱ ነቅንቆ ለውጡን በማየት፣ ኦይለር በብዙ ስዕል የደከመበትን ውጤት በጥቂት መስመር አወጣው። ኦይለር የራሱን መንገድ ትቶ የወጣቱን ያዘ፤ ለአዲሱ ትምህርትም የቫሪየሽን ካልኩለስ የሚለውን ስም አወጣለት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቅንነት ብርቅ ነበር።

በ1762 በታተመው ሥራው ላግራንዥ ከመስመር ወደ ገጽ ተሻገረ፦ በአንድ የተጣመመ ሽቦ ዙሪያ ከሚዘረጉት ገጾች ሁሉ ስፋቱ የሚያንሰው የትኛው ነው? ከዚህ ጥያቄ የወጣው እኩልታ መስመራዊ ያልሆነ ከፊል ዲፈረንሻል እኩልታ ነው፤ የገጹ ተዳፋትነት በራሱ ተባዝቶ በእኩልታው ውስጥ ይገባልና። ላግራንዥ እኩልታውን ጻፈው እንጂ ከጠፍጣፋው ገጽ በቀር ሌላ መፍትሔ አልሰጠም። በ1776 ሜኒዬ ሁለት ሌሎች ጨመረ። ለማንኛውም ሽቦ መፍትሔ መኖሩ እስኪረጋገጥ ግን ገና 150 ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረበት። ነገሩ ሲታይ ያስገርማል፤ በሳሙና ውሃ ተነክሮ የወጣ ሽቦ ሁሉ መልሱን በዓይን ያሳያል።

አሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት በአንድ መስመራዊ እኩልታ ዙሪያ ተሽከረከረ፤ የላፕላስ እኩልታ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የረጋ ሙቀትና በአሸዋ ውስጥ የሚሰርግ ውሃ ሁሉ ይህንኑ እኩልታ ይከተላሉ። በእንግሊዝ ግሪንና ኬልቪን፣ በጀርመን ጋውስና ዲሪክሌ አንድ ዓይነት ክርክር ያዙ፦ በአንድ ክልል ጠርዝ ላይ የተወሰነ ዋጋ ከያዙት ፈንክሽኖች ሁሉ የተዳፋታቸው ካሬ ድምር የሚያንሰው የላፕላስን እኩልታ ያሟላል። ድምሩ ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለማይችል አንድ ዝቅተኛ ዋጋ አለው፤ ስለዚህ ያንን ዋጋ የሚይዝ ፈንክሽን አለ ተባለ። በርንሃርት ሪማን በ1851 በጌቲንገን ባቀረበው የዶክትሬት ሥራ አዲሱን የፈንክሽን ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ በዚህ ክርክር ላይ አቆመው፤ ኋላም በመምህሩ ስም የዲሪክሌ መርህ ብሎ ጠራው።

ሪማን በ1866 በ39 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ከአራት ዓመት በኋላ ካርል ቫየርሽትራስ በበርሊን አካዳሚ አጭር ጽሑፍ አነበበ፤ መርሁም በአንድ ቀን ወደቀ። ምሳሌው የተራቀቀ አይደለም። ከ−1 እስከ 1 ባለው መስመር ላይ፣ በግራ ጫፍ ከፍታው −1፣ በቀኝ ጫፍ ደግሞ 1 የሆነ መንገድ ይሠራ። የእያንዳንዱ ነጥብ ወጪ የተዳፋቱ ካሬ ከመሃል ባለው ርቀት ካሬ ተባዝቶ ነው። መሃሉ ላይ ርቀቱ ዜሮ ስለሆነ እዚያ መውጣት በነጻ ነው ለማለት ይቻላል። ስለዚህ መንገዱን ዳርና ዳር ሜዳ አድርጎ፣ ከ−1 እስከ 1 ያለውን መውጫ ሁሉ በመሃል ባለች ጠባብ ሰርጥ ላይ መጫን ያዋጣል። ሒሳቡ ሲሠራ ጠቅላላ ወጪው የሰርጡ ስፋት ሲሦ ሆኖ ይገኛል፤ ሰርጡ 0.3 ሲሆን ወጪው 0.1፣ ሰርጡ 0.03 ሲሆን 0.01። ስፋቱ ባነሰ ቁጥር ወጪው ወደ ዜሮ ይቀርባል። ዜሮን ሊነካ የሚችለው ግን ሰርጡ ጨርሶ ሲጠፋ ነው፤ ያን ጊዜ መንገዱ ተቆርጦ በሁለት ይከፈላል፣ መንገድ መሆኑም ይቀራል። ዝቅተኛው ዋጋ አለ፤ የሚደርስበት ግን የለም።

የዚህን ታሪክ ጽሑፎች የሚያነብ ሰው ክብሩ ሁሉ መርሁን ላዳኑት ሲሰጥ ያያል። ትልቁ ውለታ ግን የቫየርሽትራስ ነው። ከእሱ በኋላ አንድ ኢነርጂ ዝቅተኛ ነጥብ አለው የሚል ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ማሳየት ግዴታው ሆነ፤ ወደ ዝቅተኛው የሚጠጉት ቅርጾች ተሰብስበው አንድ ቦታ እንደሚደርሱ፣ የደረሱበትም ቅርጽ ከተፈቀዱት መካከል እንደሆነ። የቀጣዩ መቶ ዓመት ሥራ በአብዛኛው እነዚህን ሁለት ነገሮች ማሟላት ነበር።

ዳቪድ ሂልበርት በ1900 የዲሪክሌን መርህ ለተወሰኑ ክልሎች በትክክለኛ ማረጋገጫ መልሶ አቆመው። በዚያው ዓመት ነሐሴ በፓሪስ ካደረገው ንግግር ጋር ባሳተማቸው ችግሮች ውስጥም ሦስቱን ለዚሁ ጉዳይ ሰጠ። አሥራ ዘጠነኛው፣ የደንበኛ ቫሪየሽን ችግር መፍትሔ ሁልጊዜ ለስላሳ ነው ወይ ይላል። ሃያኛው፣ የመፍትሔ ትርጉም እንደ አስፈላጊነቱ እንዲሰፋ ከተፈቀደ እያንዳንዱ ችግር መፍትሔ የለውም ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሃያ ሦስተኛው በጠቅላላው የቫሪየሽን ካልኩለስ እንዲስፋፋ ጥሪ ነው። ከሦስቱ ፍሬያማው ሃያኛው ሆነ፤ መጀመሪያ ሻካራ መፍትሔ ፈልግ፣ ለስላሳነቱን በኋላ አረጋግጥ የሚለው የዛሬው አሠራር የመጣው ከዚያ ነው።

በተግባር በኩል በሩን የከፈተው ስዊዘርላንዳዊው ዋልተር ሪትዝ ነው። የፓሪስ አካዳሚ ጠርዙ በተያዘ ስስ ሳህን መታጠፍ ላይ ላወጣው ውድድር ሥራውን ላከ፤ ሽልማቱን አላገኘም። ሥራው በ1908 ታተመ። ሪትዝ ያልታወቀውን ቅርጽ በጥቂት የታወቁ ቅርጾች ድብልቅ ተካው። ከዚያ በኋላ የቀረው ከእያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚገባ መወሰን ብቻ ነው፤ ኢነርጂው የጥቂት ቁጥሮች ጉዳይ ሆኖ በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራ ስሌት ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት በ31 ዓመቱ እንደ ሪማን በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። በ1915 በሩሲያ ጋለርኪን ዘዴውን ኢነርጂ ለሌላቸው እኩልታዎችም አሰፋው።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ጣሊያናዊው ቶኔሊ የቀጥተኛውን ዘዴ፣ ማለትም ወደ ዝቅተኛው በሚጠጉ ቅርጾች መፍትሔውን የመፈለግን፣ ሕግጋት አስቀመጠ። ሶቦሌቭ በሩሲያ ቅርጾቹ የሚሰበሰቡበትን የፈንክሽን ስፔስ ሠራ፤ የሂልበርት የሰፋ መፍትሔ መኖሪያ ያገኘው እዚህ ነው። ራዶና ጄሲ ዳግላስ በ1930 እና 1931 የላግራንዥን የሽቦ ጥያቄ ለየብቻቸው ፈቱ፤ ዳግላስ በ1936 ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰጡት ሁለት የፊልድስ ሜዳሊያዎች አንዱን ተሸለመ።

በዚያው ጊዜ ናዚዎች ከጌቲንገን ያባረሩት ሪቻርድ ኩራንት ኒውዮርክ ሰፍሮ ነበር። በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ የሪትዝን ቅርጾች በሌላ ተካቸው፤ ክልሉን በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ላይ ጠፍጣፋ ቁራጭ አስቀመጠ። ኮምፒዩተር ስላልነበረ ጽሑፉን ከአሥር ዓመት በላይ ልብ ያለው አልነበረም። ከ1956 ጀምሮ የአውሮፕላን መሐንዲሶች ያንኑ ነገር ከራሳቸው መንገድ ደረሱበት፤ በ1960 ሬይ ክላፍ ፋይናይት ኤለመንት የሚለውን ስም ሰጠው። ክላፍና ባልደረቦቹ ዘዴውን ካዋሉባቸው የመጀመሪያ ትልልቅ ሥራዎች አንዱ በአርካንሶ የሚገኘው ኖርፎርክ ግድብ ነው። ግድቡ በሙቀት ለውጥ ተሰንጥቆ ነበርና ስንጥቁ ባለበት ጫናው ምን ያህል እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ውጤቱ በ1962 ቀረበ።

የግድብ መሐንዲሶች በዚያ ሰሞን ልባቸው የተረበሸበት ምክንያት ነበራቸው። ታኅሣሥ 2 ቀን 1959 በደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘው የማልፓሴ ቅስት ግድብ በሌሊት ተደርምሶ 423 ሰው ገደለ። ቅስት ግድብ የውሃውን ግፊት በክብደቱ አይሸከምም፤ ተጣሞ ወደ ግራና ቀኝ አለት ያስተላልፈዋል። በማልፓሴ ኮንክሪቱ ደህና ነበር፤ የተንሸራተተው በግራ በኩል ያለው አለት ነው፣ በስንጥቁ ውስጥ የገባው ውሃ ከሥሩ ገፍቶት። ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ብቻ ማስላት አልበቃም፤ አለቱም፣ በአለቱ ውስጥ ያለው ውሃም በስሌቱ መግባት ነበረባቸው።

የተሰነጠቀ አለትን ማስላት ደግሞ ከመስመራዊው ዓለም ያስወጣል። ሁለት ጠንካራ አካላት ሲነካኩ ይገፋፋሉ፤ ይለያዩ ይሆናል፤ አንዱ ሌላውን ዘልቆ መግባት ግን አይችልም። የት እንደሚነካኩና የት እንደሚላቀቁ አስቀድሞ አይታወቅም። አንቶኒዮ ሲኞሪኒ በ1959 ጥያቄውን ለተማሪዎቹ አስቀመጠ። ጋኤታኖ ፊኬራ በ1963 መጀመሪያ፣ መምህሩ ሊሞት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት መልሱን አደረሰለት። መልሱ ኢነርጂውን ማሳነስ ሆኖ፣ ፍለጋው ግን በተፈቀዱት ቅርጾች መካከል ብቻ እንዲሆን ያዛል። እንዲህ ሲሆን እኩልታው ወደ አለመተካከል ይለወጣል፤ ጊዶ ስታምፓኪያ በ1964፣ ከዣክ ሉዊ ሊዮንስ ጋር ደግሞ በ1967 የቫሪየሽን አለመተካከልን ትምህርት በሙሉ ሥርዓት አወጡለት። በአሜሪካ ሚንቲና ብራውደር ኢነርጂ ለሌላቸው እኩልታዎች ሞኖቶን ኦፕሬተር የሚባለውን አቻ መንገድ በ1962 እና 1963 ከፍተው ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1957ና 1958፣ ዴ ጆርጂና ናሽ ሳይተዋወቁ የሂልበርትን አሥራ ዘጠነኛ ችግር ዘግተውታል።

የአለመተካከሉ ትምህርት ከሁሉ የሚያምር ሥራ የሠራው በአፈር ግድብ ላይ ነው። በአፈር ግድብ ውስጥ ውሃ ሁልጊዜ ይሰርጋል፤ ከማጠራቀሚያው በኩል ገብቶ፣ በግድቡ ሆድ አልፎ፣ ከታች በኩል ይወጣል። ከአንድ መስመር በታች አፈሩ ውሃ ጠጥቷል፤ ከመስመሩ በላይ ደረቅ ነው። በእርጥቡ ክፍል ውስጥ የዳርሲ የ1856 ሕግ ስለሚሠራ የላፕላስ እኩልታ ይበቃል፤ ችግሩ እርጥቡ ክፍል የት እንደሚያልቅ አለመታወቁ ነው። በመስመሩ ላይ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መሟላት አለበት፦ የውሃው ግፊት ዜሮ መሆን፣ ውሃም መስመሩን ተሻግሮ አለመፍሰስ። መስመሩ ራሱ ስለሚፈለግ ችግሩ መስመራዊ አይደለም። መሐንዲሶች ለብዙ ዓመታት መስመሩን በግምት ይስሉ፣ ያሰሉ፣ አጥፍተው እንደገና ይስሉ ነበር።

በ1971 የፓቪያው ክላውዲዮ ባዮኪ በአንድ እርምጃ ገላገላቸው። ቀጥ ያለ ግድግዳ ባለው ግድብ ውስጥ፣ ከእያንዳንዱ ነጥብ እስከ ግድቡ አናት ያለውን ግፊት ሁሉ ደምሮ አዲስ ፈንክሽን ሠራ። ይህ ድምር ከዜሮ በታች አይወርድም፤ በደረቁ ክፍል ዜሮ ነው፣ በእርጥቡ ከዜሮ በላይ። ከዜሮ በታች ከማይወርዱት ፈንክሽኖች ሁሉ አንድ ቀላል ኢነርጂ የሚያሳንሰውም እሱው ነው። ያልታወቀው መስመር ከጥያቄው ውስጥ ጠፋ። በኮምፒዩተር ላይ ሥራው ይህን ይመስላል፦ ግድቡ ሙሉ በሙሉ፣ ደረቁም እርጥቡም፣ በመረብ ይሸፈናል፤ በእያንዳንዱ ቋጠሮ ላይ ያለው ቁጥር ከአራቱ ጎረቤቶቹ አማካይ ላይ ጥቂት ተቀንሶ ይተካል፤ የተገኘው አሉታዊ ከሆነ ዜሮ ይጻፋል። ይህ እየተደጋገመ ቁጥሮቹ ሲረጉ ዜሮ የሆኑትና ያልሆኑት ቋጠሮዎች የሚለዩበት ድንበር የውሃው ወለል ነው።

እስከዚህ ድረስ የተፈለገው ዝቅተኛው ነጥብ ነበር። ብዙ መስመራዊ ያልሆኑ እኩልታዎች ግን ወደታች መጨረሻ የሌለው ኢነርጂ አላቸው፤ ዝቅተኛ ነጥብ መፈለግ ትርጉም የለውም። በ1973 አንቶኒዮ አምብሮሴቲና ፖል ራቢኖዊትዝ ያሳተሙት የተራራ በር ቲዎረም ለእነዚህ ነው። አሞሌ ጭኖ ወደ ሰቆጣ ገበያ ይመጣ የነበረ ነጋዴ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው ሲሻገር በመካከል ያለውን ጋራ መውጣቱ አይቀርለትም፤ ከመንገዶቹ ሁሉ የሚመርጠው ከፍተኛ ነጥቡ ዝቅ ያለውን፣ በሩን የሚያቋርጠውን ነው። በሩ ላይ ሲቆም መሬቱ ሜዳ ነው፦ በመንገዱ አቅጣጫ ፊቱም ኋላውም ቁልቁለት፣ በግራና በቀኝ ግን ዳገት። ኢነርጂው በጥቂት ንክኪ የማይነቃነቅበት እንዲህ ያለው ቦታም መፍትሔ ነው።

ለምሳሌ በአንድ የተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ዜሮ የሆነ፣ የላፕላስ ውጤቱ አሉታዊ ምልክት ይዞ ከራሱ ኩብ ጋር የሚተካከል ፈንክሽን ይፈለግ። ዜሮ ራሱ መፍትሔ ነው፤ ሌላ አለ ወይ ነው ጥያቄው። ኢነርጂው የተዳፋቱ ካሬ ግማሽ ሲቀነስ የፈንክሽኑ አራተኛ ኃይል ሩብ ነው። ዜሮ አጠገብ ካሬው ስለሚበልጥ በዙሪያው ሁሉ ዳገት ነው። ማንኛውም ቅርጽ በትልቅ ቁጥር ሲባዛ ግን አራተኛው ኃይል ያሸንፍና ኢነርጂው ያለ ገደብ ይወርዳል። ሁለት ዝቅተኛ ቦታዎች፣ በመካከላቸውም ጋራ አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ በር አለ፣ በሩም ዜሮ ያልሆነ መፍትሔ ነው። ሁለት አንቀጽ በማይሞላ ክርክር እንዲህ ያለ ውጤት ማግኘት በዚህ መስክ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያጋጥም ነው።

የቫየርሽትራስ ጥያቄ እዚህም ተከትሎ ይመጣል፤ መንገዶቹ እየተሻሻሉ ሲሄዱ በሩ ወደ ማይደረስበት ሩቅ ቢሸሽስ? ፓሌስና ስሜል በ1964 ይህ እንዳይሆን የሚከለክል ሁኔታ አስቀምጠው ነበር። በሦስት ልኬት ኩቡ ወደ አምስተኛ ኃይል ሲያድግ ሁኔታው ይፈርሳል፤ የኢነርጂው ክፍል በአንድ ነጥብ ላይ ተከማችቶ ይጠፋል። ብሬዚና ኒረንበርግ በ1983 በዚያው ድንበር ላይ መፍትሔ የሚገኝበትን ሁኔታ አሳዩ። ፒየር ሉዊ ሊዮንስ ከ1984 ጀምሮ ኢነርጂ በምን በምን መንገድ ሊጠፋ እንደሚችል ሙሉ ዝርዝር አወጣ፤ በ1994 የፊልድስ ሜዳሊያ ከተሸለመባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

በኢትዮጵያ ከፍተኛ የሒሳብ ትምህርት የተጀመረው በ1950 በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። በአማራ ክልል ከዚህ መስክ ጋር ስሙ የሚነሳው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ፖሊ ቴክኒኩና የመምህራን ትምህርት ኮሌጁ ተዋህደው በ2000 የተመሠረተው ተቋም። በዚያ የነበረው ሀብቱ ዘገየ፣ በትሪየስቴ የዓለም አቀፍ ቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ከሠራው ናይጄሪያዊ ቻርልስ ቺዱሜ ጋር፣ የሚንቲንና የብራውደርን መስመር ተከትሏል። በ2004 በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ የያዙት ጥያቄ በተግባር ላይ ያተኮረ ነው፦ መፍትሔ እንዳለ ከታወቀ በኋላ፣ ከማንኛውም መነሻ ተነስቶ በተደጋጋሚ ስሌት እንዴት ይደረስበታል? ሀብቱ በኋላ በቦትስዋና እያስተማረ በቫሪየሽን አለመተካከልና በሞኖቶን ኦፕሬተሮች ላይ ብዙ ጽሑፎች አውጥቷል። ሌላው ኢትዮጵያዊ ተፈራ አስፋው በ2013 በሳውዝ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ሥራውን በዚሁ በሞኖቶን ኦፕሬተሮችና በቫሪየሽን አለመተካከል ላይ አቅርቧል።

ሰቆጣ ባለችበት በዋግ ኽምራ ደጋ ደግሞ ጉዳዩ የግድብ ነው። ክረምቱ አጭር፣ ዝናቡም የማይታመን፣ መሬቱ ተዳፋትና አፈሩ የሳሳ ስለሆነ፣ ጎርፉ ወደ ጥራሬና ወደ ተከዜ ወርዶ ሳያልቅ መያዝ የአካባቢው የቆየ ጥያቄ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራም በትግራይም የዘላቂ ግብርናና የአካባቢ ተሃድሶ ኮሚሽኖች ተቋቁመው ትናንሽ የአፈር ግድቦችን መሥራት ጀመሩ። በሰሜን ኢትዮጵያ ከተሠሩት ውስጥ ብዙዎቹ ውሃቸውን በስርገት አጥተዋል፤ ውሃው በግድቡ ሆድ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ባለው ስንጥቃም አለት ጭምር ያመልጣል። የባዮኪ መረብ በአንድ ዓይነት አፈር የተሠራን ግድብ በሚገባ ይገልጻል፤ አለቱ የት እንደተሰነጠቀ ግን ጉድጓድ ተቆፍሮ ካልታየ ማንም ስሌት አይናገርም።

ትልቁ ግድብ ከዚህ የተለየ ነው። የተከዜ ግድብ ግንባታ በ2002 ተጀመረ፤ ተቋራጩ ሲኖሃይድሮ የተባለው የቻይና ኩባንያ ነበር። ሐይቁ ከግድቡ ወደ ደቡብ ተዘርግቶ የዋግ ኽምራን አበርገሌና ዝቋላ ቆላ ይነካል። ቁመቱ 188 ሜትር ነው፤ ሲጠናቀቅ ከሌሶቶው ካትሴ በልጦ የአፍሪካ ረጅሙ ቅስት ግድብ ሆነ። በአግድምም በቁመትም የተጣመመ ነው። ከመሬት በታች በተፈለፈለ አዳራሽ ውስጥ የተተከሉት አራት ተርባይኖች እያንዳንዳቸው 75፣ በድምሩ 300 ሜጋዋት ያመነጫሉ።

ውሃ 180 ሜትር ሲጠልቅ በሥሩ ባለው እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 180 ቶን ያህል ይገፋል። ይህን ግፊት በቀጭን ግድግዳ መመለስ የሚቻለው ግድግዳው ሁሉም ቦታ ላይ ሲጨመቅ ነው፤ ኮንክሪት መጨመቅን ይችላል፣ መሳብን አይችልም። በዘመናችን ቅስት ግድብ የሚሰላው በኩራንትና በክላፍ መንገድ ነው፦ ግድግዳውና በዙሪያው ያለው አለት በአንድነት በብዙ ሺህ ትናንሽ ቁርጥራጮች ተከፍለው፣ የመለጠጥ ኢነርጂው የውሃው ሥራ ተቀንሶለት የሚያንስበት ቅርጽ ይፈለጋል። ይሁንና እንዲህ ያለ ግድብ አንድ ወጥ ድንጋይ አይደለም። ኮንክሪቱ ሲረጋ ስለሚሞቅ፣ ሲቀዘቅዝም ስለሚኮማተር፣ ጎን ለጎን በቆሙ ብሎኮች ይሞላል፤ በመካከላቸው ያለው ቀጥ ያለ መጋጠሚያ ከቀዘቀዘ በኋላ በሲሚንቶ ይደፈናል። መጋጠሚያው ይጨመቃል፣ በመሬት መንቀጥቀጥ ወይም ሐይቁ ሲጎድል ሊከፈት ይችላል፤ አንዱ ብሎክ በሌላው ውስጥ ግን አይገባም። የሲኞሪኒ ጥያቄ ማለት ይህ ነው፤ ስለዚህ መጋጠሚያዎቹን የሚያስገባ የቅስት ግድብ ስሌት የቫሪየሽን አለመተካከል ይፈታል። ስንጥቅን በተመለከተም ፍራንክፎርና ማሪጎ በ1998 ተመሳሳይ መንገድ አሳይተዋል፦ አዲስ የተሰነጠቀ ገጽ ራሱ ኢነርጂ ያስወጣል፣ ስንጥቁም የሚሄደው ጠቅላላው ድምር በሚያንስበት ነው።

በሚያዝያ 2008 በግንባታው አካባቢ መሬት ተንሸራተተ። የገደሉን ዳር የሚይዙ ግድግዳዎች መጨመር ግድ ሆነ፤ ወጪውም በአሥር ሚሊዮኖች ዶላር ጨመረ። በ2009 ሥራው ተጠናቆ ግድቡ ተመረቀ።

በሒሳቡ በኩል የባዮኪ ችግር ዘመዶች ገና እየተሠራባቸው ነው። ሉዊስ ካፋሬሊ በ1977 በእንቅፋት ችግሮች፣ ማለትም ፈንክሽኑ ከአንድ ወሰን በታች እንዳይወርድ በተከለከለባቸው ችግሮች ውስጥ፣ በዜሮውና ዜሮ ባልሆነው ክፍል መካከል ያለው ድንበር ከተወሰኑ ነጥቦች በቀር ለስላሳ መሆኑን አረጋግጦ ነበር፤ በ2023 የአቤል ሽልማት ከተሰጠባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። እነዚያ ልዩ ነጥቦች ምን ያህል ብርቅ ናቸው የሚለውን ጥያቄ ዴቪድ ሼፈር በ1974 አንስቶት ነበር፤ የጠርዙ ዋጋ በጥቂቱ ቢለወጥ ይጠፋሉ ብሎ ገመተ። በ2020 ፊጋሊ፣ ሮስ ኦቶንና ሴራ ግምቱ በሦስትና በአራት ልኬት እውነት መሆኑን አሳዩ።